እህቶቹን ይዞ የተሰደደው ጦር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤቱ ተቀምጦ ነው። እኔ የተሳሳትኩት ማይክሮፎን ይዤ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ነው።

ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሲያትል ውስጥ በሆስፒታሎች አስተርጓሚነት እሠራለሁ፤ በቀረኝ ጊዜ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ከሰው ጋር አልስማማም። አለመስማማት ሁለተኛ ሥራዬ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከሁሉም የሚበልጥ ትጋት የማሳየውም በእሱ ነበር። በዚያ ሰሞን በኮሚዩኒቲያችን አዳራሽ ስለ ታሪክ ውይይት ተዘጋጀ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ሰውዬ ኬንያን ይገዙ የነበሩትን እንግሊዞች በመዝገብ አያያዛቸው አወደሱ። «እኛ ስንፎክር እነሱ ይጽፉ ነበር» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ተነሣሁና፣ «እንግሊዝ የሚጽፈው ለማወቅ ሳይሆን ለመርሳት ነው። ሰውን አንዴ ፋይል ውስጥ ካስገባው በኋላ ማስታወስ አይጠበቅበትም። የቅኝ ገዢ መዝገብ ማለት በደንብ የተቀመጠ ውሸት ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም የቅኝ ግዛት ፋይል ከፍቼ አላውቅም ነበር። አስተያየት ለመስጠት የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

በሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«በኃይሉ ነህ?» አሉ አንዲት ሴትዮ። ድምፃቸው ያረጀ ቢሆንም ማዘዝ የለመደ ነው።

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ጥሩነሽ እባላለሁ። ስብሰባው ላይ ከፊት የተቀመጥኩት አሮጊት ነኝ። የእንግሊዝ ወረቀት ሁሉ ውሸት ነው ያልከው አንተ ነህ አይደል?»

ኮራ ብዬ «አዎ፣ እኔ ነኝ እማማ» አልኩ።

«እግዜር ይስጥህ። በል እንግዲያው ነገ ጠዋት ናና አንዱን ውሸት መሆኑን አሳየኝ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ደቡብ ሲያትል ወዳለው የልጃቸው ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ታኮማ ሆስፒታል ነርስ ስለሆነች ሥራ ላይ ነበረች። በሩን የከፈተችልኝ የልጅ ልጃቸው ማህሌት ናት፤ ሬድመንድ የምትኖር፣ ሶፍትዌር የምትሠራ የሠላሳ ዓመት ወጣት። እማማ ጥሩነሽ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው ተባልኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ሳልቀመጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ዘረጉልኝ። የቆየ ደብዳቤ ፎቶ ነው፤ የአጎታቸው የልጅ ልጅ በቴሌግራም ልኮላቸው ማህሌት ያሳተመችው።

«አንብበው።»

አንድ የእንግሊዝ መኮንን ለአንድ ሟች ወታደር ወንድም የጻፈው የሐዘን ደብዳቤ ነበር። አሥር አለቃ ተሰማ ይርጉ በጦርነት ላይ ወድቋል፤ በመዝገባችን መሠረት ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ስለዚህ የቅርብ ዘመዱ እርስዎ ነዎት ይላል።

«ተሰማ ይርጉ አባቴ ነው» አሉ። «እናቴ እንዳለችው ከሆነ።»

ነገሩን ሲያጫውቱኝ እንዲህ ነው። ጣልያን አገር በያዘ ጊዜ በደቡብ በኩል ሲዋጋ የነበረ አንድ ክፍል ተሸንፎ ወደ ኬንያ ተሻገረ። እንግሊዞች ጠመንጃውን ተረክበው፣ ቆጥረውና መዝግበው በረሃ ላይ ባለ ካምፕ አስቀመጡት። እማማ ጥሩነሽ የተወለዱት እዚያ ነው። በኋላ እንግሊዝ ራሷ ከጣልያን ጋር ጦርነት ስትገጥም ስደተኞቹን መልሳ አስታጠቀች፤ ተሰማም ዘምቶ ሞተ። አገር ነፃ ሲወጣ እናትየዋ ሕፃኗን አዝላ ወደ ባሏ ዘመዶች ሄደች። የሟቹ ወንድም ይህን ደብዳቤ አውጥቶ አስነበባትና «እንግሊዝ አይዋሽም» ብሎ ከደጅ መለሳት። ጥሩነሽም በእናታቸው አባት ስም ጥሩነሽ ወልዴ ተብለው አደጉ። ሰው በእናቱ አባት ስም ሲጠራ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚወራ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

«ሰኞ የዜግነት ኢንተርቪው አለኝ» አሉ። «ፎርሙ ላይ ስም መቀየር ይቻላል አሉኝ። የአባቴን ስም ልይዝ እፈልጋለሁ። ግን እጄን አንሥቼ ነው የምምለው። በማላውቀው ነገር አልምልም።»

«እማማ፣ እናትዎ ነግረውዎት የለም?»

«እናቴን አምናታለሁ። ግን እናት ለልጇ ብላ ትዋሻለች። እኔም ለልጆቼ ዋሽቻለሁ።»

«እንግሊዞቹ ደግሞ ግድየለሾች ነበሩ። ይህ ደብዳቤ...»

«ቆይ!» አሉ ቢላዋውን ወደ እኔ አቅንተው። «አንተ ስለጠላሃቸው ብቻ ውሸት አይሆንም። ማስረጃ ነው የጠየቅኩህ።»

በዚያች ደቂቃ አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች አንዳቸውም አብረውኝ አልነበሩም።

ደግነቱ ማህሌት ሥራዋን ሠርታ ነበር። «ጋሽ በኃይሉ፣ እንግሊዝ አገር ላለው አርካይቭ ሪኩዌስት አድርጌ የካምፑን ፋይል ስካን አድርገው ላኩልኝ። ከሁለት መቶ ፔጅ በላይ ነው። ሶ እኔ በሠራሁት ፕሮግራም የእጅ ጽሑፉን ወደ ታይፕ ቀይሬ ፕሪንት አደረግኩት። ግን ካምፑን ስለማላውቀው ኮንቴክስቱ አይገባኝም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ጀመርን። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ የቅኝ ግዛት ፋይል መሆኑ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው መኮንን ግድየለሽ እንደነበር ላረጋግጥ ቸኩያለሁ። ግን ግድየለሽነት አጣሁበት። የውሃ በርሜሉ፣ የአህያው፣ የሞተው ሰው፣ የጠፋው አካፋ ሁሉ ተጽፏል። የወንዶቹን መዝገብ አገኘን። ቁጥር 212፣ ተሰማ ይርጉ፣ አሥር አለቃ። ሚስት፦ የለም። ልጅ፦ የለም። አብራው ያለች፦ አንዲት እህት፣ በላይነሽ።

«በላይነሽ እናቴ ናት» አሉ እማማ። ድምፃቸው ቀነሰ። «እህቱ?»

ገለጥ ገለጥ ሳደርግ የካምፑ የልደት መዝገብ መጣ። አንዱ መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

የአስተርጓሚ ሕግ አንድ ነው፤ የተባለውን ሁሉ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። ለካንሰር ሕመምተኞች ውጤት ሳስተረጉም እንኳ ይህን ሕግ ሰብሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ገጹን ለማለፍ እጄ ተንቀሳቅሶ ነበር። ማህሌት አየችኝ። አንገቷን ነቀነቀች፤ አያቷን አውቃታለሁ፣ ንገራት ማለቷ ነው።

«ሴት ልጅ ይላል። እናት፣ በላይነሽ፣ የቁጥር 212 እህት። አባት... ያልታወቀ።»

ብርቱካኑን ሳሕኑ ላይ አስቀመጡ። «ጽሕፈቱ ያምራል?» አሉኝ።

ማህሌት ዋናውን በስልኳ አሳየችኝ። «በጣም ያምራል» አልኩ።

«እሱም አንድ ነገር ነው።»

ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ እቆጥራለሁ። በዚያው ዓመት ካምፑ ውስጥ የተወለዱትን ሕፃናት አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሃያ ናቸው። የሃያዎቹም አባት ያልታወቀ ነው። የሃያዎቹም እናት የሆነ ቁጥር እህት ናት። ወደ ወንዶቹ መዝገብ ተመለስኩ። ሚስት የለም፣ ሚስት የለም፣ ሚስት የለም፤ እህት አንዲት፣ እህት አንዲት፣ እህት አንዲት። ከጎኑ አንድ መኮንን የእነዚህ ሰዎች ሥነ ምግባር እንደሚያሳስበው በትሕትና ጽፏል።

«እማማ፣ ይህ ጦር ሚስቶቹን አገር ቤት ትቶ እህቶቹን ብቻ ይዞ ነው የተሰደደው! እህቶቹም በሙሉ ካምፕ ገብተው በመንፈስ ቅዱስ...»

«አፍህን!» አሉ። ግን ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ትከሻቸው፤ ከዚያ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ማህሌትም ሳቀች። ነገሩ የገባን ሦስታችንም አንድ ላይ ነው። ወንዶቹ ሁሉ ዋሽተዋል። ለምን እንደሆነ ግን አላወቅንም።

«ይኸው ማስረጃዎ» አልኩ ወገቤን ይዤ።

ዕንባቸውን ጠረጉ። «ለአሥራ ዘጠኙ እናቶች ደስ ብሎኛል። ግን ከሃያ ሰው መካከል አንዷ እውነተኛ እህት ብትሆንስ? እሷ እናቴ ብትሆንስ? በግምት አልምልም ልጄ። ብርቱካን ብላ።»

እሑድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ወረቀቱን እንደገና ማገላበጥ ያዝኩ። ሰባት ጊዜ ሳላየው ያለፍኩትን ነገር ያየሁት ያኔ ነው። የገጹ ቁጥር ከ96 ወደ 121 ይዘላል። ማህሌት ጋ ደወልኩ።

«ከ96 በኋላ ያለው የት ሄደ?»

«እነሱ? ፕሮግራሙ ስኪፕ አደረጋቸው። ጽሑፉ አይነበብም ብሎ። እኔም አየኋቸው፣ ዝም ብሎ ጭረት ጭረት ነው።»

«ምን ዓይነት ጭረት?»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጋሽ በኃይሉ... እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም እኮ» አለች።

ሬድመንድ የደረስኩበትን ፍጥነት ለፖሊስ አልናገርም። መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩት የሁለት መኪና ቦታ ላይ አጋድሜ ነው። ማህሌት ፊቷ ቀልቶ በትልቁ ስክሪን ከፍታ ጠበቀችኝ። ሃያ አራት ገጽ ሙሉ አማርኛ! አንዳንዱ የድቁና ትምህርት ያለው ሰው የጻፈው ግሩም ጽሕፈት፣ አንዳንዱ በእርሳስ የተሞነጫጨረ። ስደተኞቹ ለካምፑ ሹም ያስገቡት አቤቱታ ነው። በጾም ሥጋ አትስጡን። ቄስ ይፈቀድልን። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ጠመንጃችንን መልሱልን። እያንዳንዱ ላይ ብጣሽ ወረቀት ተሰፍቷል፤ በዚያው በሚያምረው ጽሕፈት፣ በእንግሊዝኛ፦ በአማርኛ የተጻፈ፤ እዚህ የሚያነብ የለም፤ ይቀመጥ።

የካምፑ አስተርጓሚ አማርኛ ይናገር ይሆናል እንጂ ፊደል አልቆጠረም። የማህሌት ፕሮግራምም እንዲሁ።

አሥራ ስምንተኛው ገጽ ላይ ቁጥር 212ን አየሁ። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ለክቡር የካምፑ ሹም። እኔ ቁጥር 212 አሥር አለቃ ተሰማ ይርጉ ነኝ። በተመዘገብን ጊዜ ሚስት የለኝም ብዬ ተናግሬአለሁ። ሚስት ያለው ወደ ሌላ ካምፕ ይላካል፣ ጠመንጃ የሚሰጠው ላላገባ ብቻ ነው ተብሎ ስለ ተወራ ነው። ጓደኞቼም እንዲሁ ብለዋል፤ የእነርሱን እነርሱ ይናገሩ። እኅቴ ተብላ የተጻፈችው በላይነሽ ወልዴ በሰማንያ ያገባኋት ሚስቴ ናት። የወለደችውም ሕፃን ልጄ ናት፤ ስሟን ጥሩነሽ ብዬአታለሁ። አሁን ጠመንጃው ተሰጥቶን ልንሄድ ነው። ለአገሬ ብዬ የዋሸሁት ውሸት በልጄ ላይ እንዳይቀር መዝገቡ ይታረምልኝ።»

«ዋት? ጋሽ በኃይሉ፣ ሁሉም አልገባኝም፣ ምን አለ?» ማህሌት ክንዴን ያዘችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያለቅስ ሳስተረጉም ድምፄ ተቆራርጦ አያውቅም። ያን ቀን ለሁለት ደቂቃ ያህል አስተርጓሚ አልነበራትም።

የሐይቁን ድልድይ ተሻግረን ደቡብ ሲያትል ስንደርስ እማማ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን እያጣጠፉ ነበር። ማህሌት ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። አነበብኩላቸው፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ራሱ ነው የጻፈው?»

«አይደለም፣ አጽፎ ነው። ከታች የአውራ ጣቱ አሻራ አለ።»

«አሳድጊው» አሏት ማህሌትን። አሻራው ስክሪኑን እስኪሞላው አሳደገችው። የራሳቸውን አውራ ጣት ከጎኑ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ሰፊ ጣት ነው» አሉ በመጨረሻ። «እናቴ ቀጭን ነበረች። ይህ ጣቴ የማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ስለዚህ እንግሊዙ አልዋሸም።»

«አልዋሸም» አልኩ። ቃሉ ከጉሮሮዬ ሲወጣ የኩላሊት ጠጠር ነው የሚመስለው።

«የዋሸው አባቴ ነው።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሞኝ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ጠመንጃ እንዳይቀርበት ብሎ!» አባታቸውን ሲቆጡ ያ የመጀመሪያቸው መሰለኝ። ደስ ብሏቸው ነበር የሚቆጡት። አባት የሌለው ሰው እኮ አባቱን መቆጣትም አይችልም።

ሰኞ ጠዋት ኢሚግሬሽን ቢሮ አስተረጎምኩላቸው። ኦፊሰሯ ትሑት ሴት ነበረች። የስም ለውጡን ፎርሙ ላይ አይታ፣ በዚህ ዕድሜ ስም ለመቀየር ምን እንዳነሣሣቸው በፈገግታ ጠየቀቻቸው። ሙሉውን ታሪክ የሚያወሩ መስሎኝ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

«አባቴ አመልክቶ ነበር» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «መልሱ ዘግይቶ ነው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ኦፊሰሯ እስኪብርቶዋን አቁማ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን፤ ከዚያ ጻፈች።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ተለውጬ የቅኝ ገዢዎች አድናቂ ሆኛለሁ ብለህ ከጠበቅክ አዝናለሁ፤ ያን ያህል አልታመምኩም። ሃያ ሕፃናትን በተርታ «አባት ያልታወቀ» ብሎ ሲጽፍ አንድም ጊዜ ቀና ብሎ ያልጠየቀ ሰው፣ ጽሕፈቱ ስላማረ ምስጋና አይገባውም። የሞተው ሰው ያስገባው አቤቱታ እዚያው መሳቢያው ውስጥ እያለ ልጅ የለውም ብሎ ለወንድሙ የጻፈውም ያው ቢሮ ነው። ግን ያልገባውን ወረቀት አልቀደደም። እኔ ደግሞ ያላነበብኩትን ሁሉ በማይክሮፎን ቀድጄ ነበር። ከሁለታችን የባሰው ማን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ መልሱን አልወደድኩትም።

አንድ ሌላም ነገር ተማርኩ። የእኛ ሰው ሲዋሽ የጠላት መዝገብ ውሸት ሆነ እንላለን። መዝጋቢው የተነገረውን ነው የጻፈው። እነዚያ ወታደሮች ጀግኖች ነበሩ፤ ጀግኖች ሆነው ዋሹ፤ የውሸታቸውን ሸክም ደግሞ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ተሸከሙት። በአዳራሽ ውስጥ ይህን ብናገር ማንም አያጨበጭብም። ስለዚህ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ማህሌት የቀሩትን ገጾች እናነባለን። አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት ይቀሩናል። ከአባቶቹ አራቱ እንደ ተሰማ አቤቱታ አስገብተው አግኝተናል፤ የአንደኛው ቤተሰብ ናይሮቢ፣ የሌላው ደግሞ ከእኛ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ እንደሚኖር ደርሰንበታል። ማህሌት ፊደል ጀምራለች። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለምን ሦስት እንደሆኑ እንዳስረዳት ጠይቃኝ፣ የማላውቀውን ነገር አላውቅም አልኳት። ቤተሰቤ ይህን መልስ ከእኔ አፍ ሰምቶ አያውቅም። በሥራው ደስተኛ ነኝ፤ መናገሩ ቢያሳፍረኝም።

አንተም ቤትህ ውስጥ ሰው አንብቦ የነገረህ እንጂ ራስህ ያላነበብከው ወረቀት ካለ አውጣው። የተነገረህ ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አውጣው።

የመሐላው ሥነ ሥርዓት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዳኛ ፊት ተደረገ። እማማ ጥሩነሽ ከልጃቸው ከአልማዝ ጋር ከፊት ተቀምጠዋል፤ እኔና ማህሌት ከኋላቸው ነን። ሁሉም እጁን አንሥቶ ማለ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የምስክር ወረቀቱን ሊሰጥ ስም መጥራት ጀመረ። ተራቸው ሲደርስ፣ በማያውቀው ስም ላይ እየተጠነቀቀ፣ «ጥሩነሽ ተሰማ» አለ።

አልተነሡም።

ጸሐፊው ዙሪያውን ቃኘና ጮክ ብሎ ደገመው። «ጥሩነሽ ተሰማ!»

አሁንም አልተነሡም። አልማዝ በክርኗ ነካ አደረገቻቸው። «እማዬ፣ አንቺን ነው እኮ የሚጠራሽ!»

«ሰምቻለሁ» አሉ እማማ ጥሩነሽ፣ ዓይናቸውን ከጸሐፊው ላይ ሳያነሡ። «ዝም በይ። አንዴ ይድገመው።»